ሸረሪት የማይገድል የተባይ ማጥፊያ አገልግሎት በባሕር ዳር

መርጫውን አዝሎ ገብቶ ከወለል እስከ ኮርኒስ ያገኘውን ሁሉ የሚያረጥብ ባለሙያ ለባሕር ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። ሐይቁ አጠገብ ላለው ቤታችን ያስጠራነው ባለሙያ ግን መርጫውን በር ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ በባትሪ ቤቱን ፈተሸ። የሚገደለውንና የሚተወውን ለይቶ መነሳቱ ከሌሎቹ የሚያስበልጠው ዋናው ምክንያት ይመስለኛል።

በኮርኒሱ ማዕዘን ያደሩትን ረጃጅም እግር ያላቸው ሸረሪቶች እንዳንነካቸው መከረን፤ ማታ ማታ መብራት ተከትለው ከሐይቁ ዳር የሚገቡትን ትንኞች በድራቸው ይይዛሉ፣ ሰውንም አያስቸግሩም፣ ያረጀና አቧራ የያዘ ድር ሲኖር በመጥረጊያ ማንሳት ይበቃል። ይህ ማለት ግን አጎበር ይቅር ማለት አይደለም፤ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ በሚበረታበት ጊዜ የሸረሪት ድር አጎበርን እንደማይተካ ራሱ አስጠንቅቆናል።

ለትኋን ምሕረት አላደረገም፤ ልክም ነበር። ትኋን ደም ሳያገኝ ለወራት መቆየት ስለሚችል ቤት ዘግቶ መሰንበት አያጠፋውም፣ እንቁላሉም ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ስለሚተርፍ የአልጋው መገጣጠሚያና የፍራሹ ስፌት ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና መረጨት አለበት። ሁለተኛው ርጭት በመጀመሪያው ክፍያ ውስጥ መካተቱን ወድጄዋለሁ።

ማድ ቤቱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። በረሮን በርጭት ማሳደድ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ስንጥቅ መበተን ነው፤ ከመደርደሪያ ጀርባ ጠብ ጠብ የሚደረገው ጄል ይሻላል፣ ምክንያቱም የበላችው በረሮ ወደ ጉድጓዷ ተመልሳ ስትሞት ሬሳዋንና ኩሷን የሚበሉት ሌሎቹም ይመረዛሉ። ጄሉን ስንጠይቅ ተጨማሪ ክፍያ ተጠየቅን፤ ለዋናው ሥራ የሚያስፈልግ ነገር እንደ ቅንጦት መቆጠሩ አልተዋጠልኝም።

ከሁሉ የከፋው መጨረሻ ላይ መርጫውን ግቢ ውስጥ አጥቦ እጣቢውን ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቦይ መድፋቱ ነው። ለርጭት የሚያገለግሉት ፓይሪትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ለዓሣና ለንብ እጅግ መርዛማ ናቸው፤ ሸረሪቷን የማረ ባለሙያ ለጣና ዓሣ አለማሰቡ ያስገርማል። አገልግሎቱን የምትፈልጉ ጄሉ በዋጋው ውስጥ መኖሩንና እጣቢው የት እንደሚደፋ ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ።