እጀታ ላይ የምትሰካው ሴንሰር ወይስ የስታዲየሙ ካሜራ?

እዚህ ቨርጂኒያ ልጄ ሶፍትቦል (ኳስ በዱላ የሚመታበት፣ የቤዝቦል ዘመድ የሆነ ጨዋታ) ትጫወታለች። ዱላውን (ባት ሲሉኝ ከእግር ባት ጋር ይምታታብኛል) ስትሰነዝር ፍጥነቱን የምትለካ ትንሽ ሴንሰር እጀታው ጫፍ ላይ ሰካንላት። አንድ ቀን ፍጥነቷ ድንገት ተመነደገ። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም፤ ለካ አፑ ላይ የሞላሁት የታላቅ ወንድሟን ረጅም ዱላ ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴንሰሯ በቀጥታ የምታውቀው እጀታው ጋ ያለውን እንቅስቃሴና ሽክርክሪት ብቻ ነው፤ ኳሱን የሚመታው ክፍል ፍጥነት ከዱላው ርዝመት ተነስቶ በስሌት ስለሚወጣ፣ ርዝመቱን ከተሳሳታችሁ መልሱም አብሮ ይሳሳታል። የእጅ አንጓ ላይ የምትታሰረዋማ ትብሳለች። የምትለካው እጅን እንጂ ዱላን አይደለም፣ አንጓ ደግሞ ይተጣጠፋል።

የሜጀር ሊጉ፣ ማለትም የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ የሚጠቀምበት ሆክ አይ የተባለው የካሜራ ሥርዓት ሌላ ዓለም ነው። በየስታዲየሙ ከተሰቀሉት 12 ካሜራዎች አንዳንዶቹ በሴኮንድ 300 ምስል እያነሱ ዱላውን ራሱን ይከተሉታል፣ ፍጥነቱም የሚሰላው ከዱላው ጫፍ 6 ኢንች ያህል ገባ ብሎ ነው። ከ2024 ጀምሮ ቁጥሩን ማንም ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ማየት ይችላል። በሰዓት 75 ማይልና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል።

በትክክለኛነት ካሜራው ይበልጣል፣ ክርክርም የለው። ግን ሰፈር ሜዳ ላይ ማን ይተክለዋል? ለኛ ሴንሰሯ ትበቃናለች፤ የዚህን ሳምንት ቁጥር ካለፈው ጋር፣ በዚያው ዱላ። የልጄን ቁጥር የጎረቤት ልጅ ሌላ ሴንሰር ካወጣው ጋር ማወዳደሩን ግን ትቼዋለሁ።