ውሻ ያላችሁ፣ አንዲት አሰልጣኝ ልጠቁማችሁ

በአደባባይ ማመስገን ብዙም አይሆንልኝም። የውሻዬን የቡቺን አሰልጣኝ ግን ዝም ብዬ ባልፋት ህሊናዬ እሺ አይለኝም። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

የምታስተምረው የሽታ ፍለጋ ስፖርት ነው። ለማያውቀው፣ አንድ የተወሰነ ጠረን የያዘ ትንሽ ነገር ይደበቃል። ውሻው አነፍንፎ ይደርስበታል፤ ባለቤቱም «አገኘ» ብሎ ለዳኛው ይናገራል። የፖሊስና የጉምሩክ አነፍናፊ ውሾች የሚሠሩት ሥራ ነው፣ ፈንጂና አደንዛዥ ዕፅ በሌሉበት። ስፖርቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመሩትም የአነፍናፊ ውሾችን ሥራ የሚያውቁ አሰልጣኞች ናቸው። የሚፈለገው የበርች (የዛፍ ዓይነት ነው)፣ የአኒስ (እንስላል የሚመስል ተክል) ወይም የቅርንፉድ ዘይት ጠረን ነው። የውሻ ዝርያ የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. በ2017 የራሱን ውድድር ሲጀምር ሳይፕረስ የሚባለውን ዛፍ ዘይትም ጨምሯል።

ቡቺ ፈሪ ነው። ሌላ ውሻ ካየ ይጮሃል፣ እንግዳ ከመጣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከዚህ በፊት የሄድንበት ቦታ (ስሙ ይቅር) አሰልጣኙ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ይብስበት ነበር። እሷ ጋ ስንሄድ ብዙም ተስፋ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ቀን አንድም ትዕዛዝ አልሰጠችውም። «ተቀመጥ» የለ፣ «ና» የለ። ካርቶኖች ወለሉ ላይ በታትና፣ አንዱ ውስጥ የሥጋ ቁራሽ ጣል አድርጋ፣ ጥግ ሄዳ ቁጭ አለች። እኔንም «ገመዱን አላዪው፣ ከዚያ ዝም በዪ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን የምሯን ነበር። ቡቺ በሩ አጠገብ ተገትሮ ቆየ። ከዚያ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አሸተተ። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣ ደግሞ ሄደ። ጭራው ከእግሮቹ መሃል ወጣ። ካርቶኑን ሲያገኘው አፍንጫውን ከትቶ እዚያው በላ። እሷ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

በዚህ ስፖርት ውሾች የሚገቡት በየተራ ነው፤ አንዱ ሲፈልግ ሌላው አጠገቡ አይደርስም። ለእንደ ቡቺ ዓይነቱ ትልቅ እፎይታ ነው። እሷ ደግሞ ከዚህም አልፋ መግቢያና መውጫውን ትለያለች፤ ውሾቹ በር ላይ እንኳ አይገናኙም።

ካርቶን ውስጥ ምግብ መፈለግ ሲለምድ ወደ ጠረን ተሸጋገርን። የጥጥ እንጨት ጫፉ ዘይት ሸተት እንዲለው ተደርጎ፣ ቀዳዳ ባላት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ከሥጋው ጋር አብሮ ይቀመጣል። ውሻው ይህ ጠረን ካለ ምግብ አለ ብሎ ሲያምን ሥጋው ይወጣል፤ ሽልማቱ ካገኘ በኋላ፣ ያውም ጠረኑ ያለበት ቦታ ላይ ይሰጠዋል። ከእጄ እየበላ ከለመደ እጄን ነው የሚፈልገው፣ አለችኝ።

በጥንቃቄዋ አንዳንዱ ይስቅባታል። ጓንት፣ መቆንጠጫ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ብልቃጥ፣ ለምግብ ሌላ ቦርሳ። ዘይቱ ውሻው ላይም ወለሉ ላይም ጠብ እንዲል አትፈቅድም። ያልተበረዘ ዘይት ለውሻ ጤና ጥሩ አይደለም፤ ወለል ላይ ከቀረ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ውሻ ያሳስተዋል። እኔ አልስቅም።

ዋናው ችሎታዋ ግን ውሻ ማንበብ ነው። አንድ ቀን ቆርቆሮዋ ግራ ግድግዳው ጋ ያለ መሳቢያ ውስጥ ናት። እኔም አውቄዋለሁ፣ ነግራኛለች። ቡቺ ገብቶ በቀጥታ ወደ ቀኙ ግድግዳ ሄደና ጥጉን ሙጭጭ አለ። ልጠራው ስል እጇን አነሳች፤ ተዪው ማለቷ ነው። ከኪሷ ቀጭን ክር አውጥታ አየር ማቀዝቀዣው ፊት ያዘችው። ክሩ ወደ ቀኝ ተነፋ። ጠረን እንደ ጭስ ነው፤ ነፋሱ ወስዶ ጥግ ላይ ያከማቸዋል። ቡቺ የተከማቸውን ነበር ያገኘው። ትንሽ ቆይቶ ማለክለኩ ቆመ፣ አፉ ተዘጋ፣ ትንፋሹ ፈጠነ። አንገቱን ድንገት ወደ ኋላ ቀለሰ። ወዲያና ወዲህ እየዞረ፣ ዙሩን እያጠበበ፣ መሳቢያው ላይ ቀጥ አለ። እሷ እያንዳንዷን ምልክት ከመታየቷ በፊት በሹክሹክታ ትነግረኝ ነበር። «አሁን አፉን ይዘጋል። ይኸው።»

ሌላው ደስ ያለኝ የማታውቀውን ድብቅ ማሠራቷ ነው። ውሻው ጠረኑን ካወቀ በኋላ ረዳቷ ብቻውን ገብቶ ይደብቃል፤ እሷም እኔም ቦታውን አናውቅም። ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ ስላት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት ነገረችኝ። 18 አነፍናፊ ውሾች ከሚመሯቸው ሰዎች ጋር ምንም ያልተደበቀባቸው ክፍሎች ገቡ። ሰዎቹ ግን ጠረን አለ ብለው እንዲያስቡ ተደርገዋል። «ውሻዬ አገኘ» የተባለው ከ200 ጊዜ በላይ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ባዶ ክፍል ታስገባናለች። ዞረን ዞረን «እዚህ ምንም የለም» ብለን ስንወጣ ለቡቺ ከወትሮው የበለጠ ቁራሽ ይሰጠዋል።

ቡቺ ተፈውሷል አልላችሁም። እሷም እንዲህ ያለ ቃል አትገባም። መንገድ ላይ ዛሬም ይጮሃል። ግን እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር መግባቱን ትቷል፣ አዲስ ክፍል ሲያይ ጭራው ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናትም ለሁለት ሳምንት ሽታ ፍለጋ የተለማመዱ ውሾች፣ ከባለቤታቸው እግር ሥር መሄድን ከተለማመዱት ይልቅ ነገሮችን በበጎ ማየት እንደጀመሩ አሳይቷል። የኔውን ሳይ አይገርመኝም።

ገንዘብ ለማግኘት ብላ አትጎትትም። ቡቺ ሲደክመው ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ወደ ቤት ሰዳናለች። ከ12 ካርቶን ጠረን ያለበትን ለመለየት ሦስት ደቂቃ የሚሰጥበት ፈተናም ላይ፣ እኔ ስቸኩል «ገና ነው» ብላ አስቀርታኛለች። በኋላ ስንፈተን አለፈ። ዳኛው ሲነግሩን ከኔ በላይ የጮኸችው እሷ ናት።

እንከን አውጪ ካላችሁኝ፣ ስልክ አታነሳም። መልእክት ጻፉላት፣ ማታ ማታ ትመልሳለች። ላረጀ ውሻም፣ ለሚያነክስም፣ እንደኛው ለሚፈራም ይሆናል፤ እግር ሳይሆን አፍንጫ ነው የሚፈለገው። የምትሄዱ ከሆነ ሥጋውን ቤታችሁ በትንንሹ ቆራርጣችሁ ያዙ። ውሻው አግኝቶ እየጠበቀ ቦርሳ የሚበረብር ሰው አትወድም።