ደብሊው አይ ዲ፦ የገቢና የሀብት ልዩነት ቁጥር ለሚፈልግ የጅማ ተማሪ

ጅማ ላይ የኢኮኖሚክስ መመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው የኢትዮጵያን የገቢ ልዩነት በቁጥር ሲፈልግ ሁለት ነጻ ድረ ገጾች ያገኛል። አንዱ የዓለም ባንክ የድህነትና የኢ-እኩልነት መድረክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የባንኩን የቀድሞ ድረ ገጽ፣ ፖቭካልኔትን፣ ተክቶ መጣ። ሌላው በፓሪስ የዓለም ኢ-እኩልነት ላብ የተባለው የምርምር ተቋም የሚያስተዳድረው የመረጃ ቋት፣ በአጭሩ ደብሊው አይ ዲ (WID) ነው። እዚህ የምንገመግመው ሁለተኛውን ነው፤ ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው እሱ ላይ ነውና።

ደብሊው አይ ዲ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር የከፍተኛ ገቢ ባለቤቶችን ድርሻ ከግብር መዝገብ እያወጣ ብቻ ያሳይ ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል ኢኮኖሚስቶቹ አንቶኒ አትኪንሰን፣ ቶማስ ፒኬቲና ኢማኑኤል ሳኤዝ ይገኙበታል። ትልቁ ጥንካሬው ዛሬም ይኸው ነው። የቤት ለቤት ጥናት ባለ ፎቁን ወይም ትልቁን ቡና አቅራቢ ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ ቢያገኘውም ገቢውን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ደብሊው አይ ዲ ይህን ጉድለት ለመሙላት ጥናቱን ከግብር መረጃና ከብሔራዊ ሒሳብ (ከአገሪቱ ጠቅላላ ገቢ ስሌት) ጋር ያጣምራል።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩን ከዓለም ባንክ ቁጥር ጎን ሲያስቀምጡት ነው። የዓለም ባንክ የኢትዮጵያ ጂኒ (ልዩነትን ከ0 እስከ 1 የሚለካ ቁጥር፤ ከፍ ሲል ልዩነቱ ሰፊ ነው) የተሠራው ከፍጆታ ነው፤ ሰው ካወጣው እንጂ ካገኘው አይደለም። ለዚህ በቂ ምክንያት አለ። ጎማ ወይም ሊሙ ያለ ገበሬ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡናውን እሸትና ጀንፈል ይሸጣል፤ ገንዘቡ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ይገባል፣ ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ጠያቂው በሐምሌ ስለ ገቢ ቢጠይቀው መልሱ «ምንም» ይሆናል። ጤፉ፣ በቆሎው፣ ጨውና ሳሙናው ሲቆጠር ግን ኑሮው በትክክል ይታያል። ፍጆታ የሚሰውረው ደግሞ ሀብታሙ የቆጠበውን ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ሠርቶ ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል የዓመት ወጪያቸው 40፣ 50፣ 60፣ 80 እና 120 ሺህ ብር የሆነ አምስት ቤተሰቦች እንውሰድ። ከዝቅተኛው ጀምሮ እያንዳንዱን በተራ ቁጥሩ አባዝተን ስንደምር 1240 ይመጣል። በ2 እናባዛው፣ ውጤቱን ለቤተሰብ ብዛትና ለጠቅላላ ወጪ ብዜት፣ ማለትም ለ1750 እናካፍለው፣ ከዚያ 1.2 (የቤተሰብ ብዛት ሲደመር አንድ፣ ለቤተሰብ ብዛት ሲካፈል፣ ማለትም 6 ለ5) እንቀንስ፤ ጂኒው 0.217 ነው። የእነዚሁ ቤተሰቦች ገቢ 30፣ 45፣ 60፣ 100 እና 265 ሺህ ቢሆን ግን በዚሁ ስሌት ጂኒው 0.42 ይሆናል። የታችኛው ቤተሰብ 10 ሺህ ተበድሮ ወይም ከዘመድ ተልኮለት ኖሯል፤ የላይኛው 145 ሺህ በዕቁብ፣ በቤትና በመኪና አስቀምጧል። ሰዎቹ አልተለወጡም። የተለወጠው መለኪያው ብቻ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ቀላቅሎ «ልዩነቱ ሰፋ» ማለት ከባድ ስሕተት ነው።

በፍጆታ ብቻ እንኳ አንድ ቁጥር የለም። ለ2008 ዓ.ም. ጥናት የመንግሥት ሪፖርት 0.328 ሲል የዓለም ባንክ ለዚያው ጥናት 0.35 አስቀምጧል። አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ የመንግሥቱ ሕፃኑን ከአዋቂ ያነሰ አድርጎ በአዋቂ ሰው ልክ ያሰላል፣ ባንኩ ግን በነፍስ ወከፍ እኩል ያካፍላል።

ደብሊው አይ ዲ ለአፍሪካ አገሮች ፍጆታውን ወደ ገቢ የሚለውጠው ሁለቱም መረጃ ካላቸው አገሮች በተወሰደ ቀመር ነው፤ የላይኛውን ጫፍ ደግሞ በጥቂት አገሮች የግብር መዝገብ ያርመዋል። ገቢን በተመለከተ ይህ ተቀባይነት ያለው ሥራ ይመስለናል፣ ግምት መሆኑ እስከተጻፈ ድረስ። የሀብት ድርሻ ላይ ግን ለኢትዮጵያ አትጠቀሙበት። ቁጥሩ በቀጥታ የተለካ አይደለም፤ ከሌሎች አገሮች መረጃ ተነሥቶ የተሞላ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የማይሸጥ የማይለወጥ ነው። የገበሬው ዋና ንብረት የቡና ማሳው ሆኖ ሳለ የገበያ ዋጋ የለውም፤ የመጠቀም መብቱ በስንት ብር ይተመን? ለዚህ ከፓሪስ መልስ አይመጣም። ጥያቄው ራሱ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ማወቅ ይገባል፦ ልዩነቱ ምን ያህል ሰፋ በሚለው ክርክር ውስጥ የቋቱ አዘጋጆች ራሳቸው ወገን ናቸው። ፒኬቲ፣ ሳኤዝና ባልደረባቸው ዙክማን የአሜሪካ የላይኛው 1 በመቶ ከግብር በፊት ያለው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 20 በመቶ እንደደረሰ ይላሉ። ሌሎቹ ኢኮኖሚስቶች፣ ጄራልድ ኦውተንና ዴቪድ ስፕሊንተር፣ ወደ 14 በመቶ ያወርዱታል፤ ከግብርና ከድጎማ በኋላ ደግሞ ከ1960ዎቹ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም ይላሉ። አንዱ ዋና መለያያቸው ለግብር ሰብሳቢው ያልታወጀ ገቢ ለማን ይመደብ የሚለው ነው። እነ ፒኬቲ በአብዛኛው በታወጀው ገቢ መጠን ያከፋፍሉታል፣ ስለዚህ ብዙው ወደ ላይ ይሄዳል፤ እነ ኦውተን የኦዲት ውጤት ተከትለው ሰፊውን ክፍል ወደ ታች ያወርዱታል። ጅማ ሒርማታ ገበያ ውስጥ መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚያተርፍ የገመተ ሰው ይህ ክርክር ባዶ እንዳልሆነ ይገባዋል።

አጠቃቀሙ፦ በስልክ ግራፉ ከባድ ነው፤ ሠንጠረዡን አውርዳችሁ በኮምፒውተር ክፈቱት። የጅምላ ፋይሉ በሴሚኮለን የተለያየ ስለሆነ ኤክሴል ሁሉንም በአንድ ዓምድ ሊከምረው ይችላል፤ ከ«ዳታ» ሥር «ቴክስት ቱ ኮለምንስ» ገብታችሁ ሴሚኮለን ምረጡ። ድርሻዎች በክፍልፋይ ናቸው፣ 0.48 ማለት 48 በመቶ ነው። በየመለኪያው ኮድ ውስጥ 992 ዕድሜያቸው 20 እና ከዚያ በላይ የሆኑ አዋቂዎችን፣ «ጄ» ደግሞ ገቢው በጥንዶች መካከል እኩል መካፈሉን ያመለክታል። «አር» በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ አዲስ መረጃ ሳይኖር ወደፊት ተገፍተው የተሞሉትን ዓመታት የሚያስቀረውን አማራጭ ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ ቀጥ ያለውን መስመር የኢኮኖሚ መረጋጋት አድርጋችሁ ልትተረጉሙት ትችላላችሁ።

ቋቱ በየጊዜው ሲታደስ ያለፉት ዓመታት ቁጥሮችም ይለወጣሉ። አማካሪያችሁ በሰኔ ከፍቶ የሚያየው በጥር ያወረዳችሁት ላይሆን ስለሚችል ፋይሉን ከወረደበት ቀን ጋር አስቀምጡ፤ ከሠንጠረዡም ሥር የመለኪያውን ኮድ፣ የሕዝቡን አሃድና ያንን ቀን ጻፉ።