ትንሹን የእበት ጥንዚዛ ለመለየት የትኛው የኪስ አጉሊ መነጽር ይሻላል?

ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ከላም እበት ሥር የሚወጣው ጥንዚዛ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ይህን በባዶ ዓይን አይቶ ማንነቱን መናገር አይቻልም፤ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከከብት ኋላ ተይዞ አይዞርም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ነው። ወርቅ ሠሪና ሰዓት ሠሪ የሚጠቀሙበት ያው መሣሪያ ነው። እዚህ የሚገመገመው የመሣሪያው ዓይነት እንጂ የአንድ ፋብሪካ ምርት አይደለም። የተፈተነበት ጥያቄም አንድ ነው፦ ዩኦኒቲሴለስ ኢንተርሜዲየስ የሚባለውን ትንሽ የእበት ጥንዚዛ መዳፍ ላይ እንዳለ ለመለየት ያስችላል ወይ? ጥሩው ያስችላል፤ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ግን ጥሩው አይደለም።

ገዢን በብዛት የሚያሳስተው እጀታው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። «30 እጥፍ» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ 10 እጥፍ እንኳ በቅጡ አያጎላም። ማረጋገጫው ሱቁ ውስጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከመስኮት ራቅ ብለው ይቁሙ፤ መነጽሩን ከነጭ ወረቀት ፊት ይያዙና የመስኮቱ ምስል ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ እስኪያርፍ ያቅርቡት፣ ያርቁት። ከዚያ ከመስታወቱ መሃል እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። 25ን ለተገኘው ሴንቲ ሜትር ሲያካፍሉ እውነተኛውን የማጉላት አቅም ያገኛሉ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 10 እጥፍ ነው፤ 5 ከሆነ 5 እጥፍ ብቻ። እውነተኛ 30 እጥፍ ቢሆን ርቀቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ መነጽር ደግሞ መስታወቱ በጣም ትንሽ ስለሚሆን፣ ሰፊ መስታወት ይዞ «30» የሚለውን ማመን አያስፈልግም። ፈተናውን በፀሐይ አያድርጉት፤ ወረቀቱን ያቃጥላል፣ ለዓይንም አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የደብተር ወረቀት በመነጽሩ ይዩ። ዳር ዳሩ ላይ መስመሮቹ ከታጠፉ ወይም ሰማያዊና ቀይ ጥላ ከታየ፣ ውስጡ ያለው አንድ መስታወት ብቻ ነው። ሁለት ወይም ሦስት መስታወት የተጣበቀበት መነጽር መስመሩን እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ ያሳያል። ለጥንዚዛ ሥራ ዋጋ ሊከፈልበት የሚገባው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ቀለም ራሱ መለያ ነው፤ ቀለም የሚያዛባ መነጽር ደግሞ ያሳስታል። 20 እጥፍ የሚያጎላው አይመከርም። ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በ1.25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በመሆኑ ከፊት የሚመጣውን ብርሃን ራስ ይጋርደዋል፤ የሚራመድ ጥንዚዛንም ተከትሎ ማየት አይቻልም።

አሁን ወደ ጥንዚዛው። ርዝመቱ ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ቁመናው ጠበብ ረዘም ያለ፣ ጎንና ጎኑ እኩል የሚሄድ ነው። የክንፍ ሽፋኑ ደረቅ ገለባ የሚመስል ቢጫማ ቡኒ ሲሆን የደረት ጋሻው ላይ ጠቆር ያለ ምልክት አለ። ወንዱ ራሱ ላይ አንድ ደንደን ያለ፣ ወደ ኋላ የታጠፈ ቀንድ አለው። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ በቦታው ከጎን ወደ ጎን የሚሄድ ጉብታ መስመር ይታያል። በደንብ ያልበላ ወንድ ቀንዱ አጭር ስለሚሆን ከሴት ጋር ያምታታል፤ 10 እጥፉ መነጽር መጀመሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከዚህም ይበልጣል። ሁለቱ የክንፍ ሽፋኖች ከደረት ጋሻው ጋር በሚገናኙበት መሃል ላይ ትንሽዬ ሦስት ማዕዘን ትታያለች። ኦንቶፋገስ የሚባሉት በብዛት የሚገኙት የእበት ጥንዚዛዎች ላይ ይህች ሦስት ማዕዘን አትታይም። አፎዲየስ የሚባሉት ትንንሾቹ ላይ ግን ትታያለች፤ ስለዚህ ጥንዚዛውን ገልብጠው የኋላ እግሩን ቅልጥም ጫፍ ይዩ። አፎዲየስ እዚያ ሁለት እሾህ አለው፤ የእኛው አንድ ብቻ። የመካከለኛ እግሮቹ መነሻም በአፎዲየስ ተቀራርቦ፣ በዚህኛው ተራርቆ ነው የሚገኘው። ሦስት ማዕዘኗን፣ ነጠላውን እሾህና ቢጫማ ቡኒውን ቀለም አንድ ላይ ካገኙ ወገኑ ታውቋል። ዝርያውን ለመቁረጥ ግን ወንድ ያስፈልጋል፤ የቅርብ ዘመዶቹ በቀለም ይመሳሰሉታልና ሴቷን ብቻ ይዞ መፍረድ አያስተማምንም። ኦንቶፋገሶችን እርስ በርስ መለየት ደግሞ ከዚህ መነጽር አቅም በላይ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል።

አያያዙን የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። መነጽሩ ከቅንድብ ጋር እስኪነካካ ወደ ዓይን ይጠጋል፤ የሚንቀሳቀሰው ጥንዚዛውን የያዘው እጅ ነው። ሁለቱን እጆች ያነካኩ፤ ሁለቱንም ዓይኖች ይክፈቱ። ብርሃን ከጎን ይምጣ። የክንፍ ሽፋኑ ስለሚያብረቀርቅ መነጽሩ ላይ የተገጠመው ባለ ባትሪ መብራት ነጭ ነጥብ ሆኖ ያርፍበትና ምልክቱን ያጠፋዋል፤ ለመብራቱ ተጨማሪ ብር መክፈል ትርፍ የለውም። አልቆም የሚል ጥንዚዛ በቀጭን ግልጽ ፌስታል ውስጥ ተደርጎ በጣት ቀስ ተብሎ ሲጫን ሳይጎዳ ይቆማል።

ለማግኘት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሆነው የላም እበት ይመረጣል። አንድ ኪሎ ያህሉን ባልዲ ውስጥ ጨምረው 3 ወይም 4 ሊትር ውኃ ያፍሱበትና ያማስሉት፤ ጥንዚዛዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ይህ ዝርያ ግን እበት አያንከባልልም፤ እዚያው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ እበቱን እያድበለበለ እንቁላል ይጥልበታል። ስለዚህ እበቱ የነበረበትን አፈር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር መቆፈር ያስፈልጋል። ሙቀት ባለበት ወቅት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ጥንዚዛ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ የሚንቀሳቀሰውም በቀን ነው። ያጠቡትን ጥንዚዛ በሶፍት ሳያደርቁ አይመልከቱ፤ የውኃ ጠብታ ሦስት ማዕዘኗን ይደብቃታል።

ፍለጋው በቆላው ይጀመር። ዝርያው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው የሚገኝ፣ ሞቃትና ገላጣ የሣር ሜዳ የሚወድ ነው። ከዚህ አህጉር ተወስዶ በጎርጎርዮሳዊው 1970ዎቹ አውስትራሊያና አሜሪካ ተለቋል፤ ዛሬ ሜክሲኮም ገብቷል። አውስትራሊያ የወሰደችው የራሷ ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሩና የመሰሎቹን ደረቅ ጠጠር ፋንድያ ስለነበርና የከብት እበት ሜዳው ላይ እየተከመረ ዝንብ ስላፈላባት ነው። በሰሜን ሸዋ የቀወት ሜዳና የጀውሃ አካባቢ ለዚህ ጥንዚዛ ጠባይ ይስማማሉ፤ ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በርን ወጥተው ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ሲደርሱ ከ2,700 ሜትር በላይ ነዎት፤ እዚያ እበት ውስጥ የሚበዙት ትንንሾች አፎዲየሶች ናቸው። ስለዚህ ደጋ ላይ ሁልጊዜ እሾሁን ይቁጠሩ። በደጋው ሌላም ችግር አለ፦ እበቱ ለኩበት በጠዋት ይለቀማል። ከለቀማው በፊት ካልደረሱ ወይም ከባለቤቱ ተነጋግረው ጥቂቱን ካላስቀሩ ባልዲው ባዶውን ይቀራል። በቅርቡ አይቨርሜክቲን የሚባለውን የጥገኛ ተባይ መድኃኒት የተወጋ ከብት እበትም ለፍለጋው አይሆንም፤ መድኃኒቱ ከእበቱ ጋር እየወጣ እጩን ይገድላል።

መነጽሩን የሚጎዱት አቧራና ጉም ናቸው። በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ በፊት አቧራውን እፍ ብለው ያባሩ፤ አለዚያ ደቃቁ አሸዋ መስታወቱን ይጭረዋል። የፕላስቲኩ ዓይነት በዚህ ምክንያት አንድ በጋ አይሻገርም። ከመንዝ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ መስታወቱ ላይ ላብ ይይዛል፤ ሳይጠርጉት ራሱ እስኪለቅ ይጠብቁ። በክረምት እርጥብ ሆኖ ሻንጣ ውስጥ የከረመ መነጽር ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው በተጣበቁት መስታወቶች መሃል ከገባ አይጸዳም። የማጠፊያው ብሎን በአጠቃቀም ይላላል፤ በሰዓት ሠሪ ጠመንጃ መፍቻ ሩብ ዙር ማጥበቅ ይበቃዋል። ደማቅ ቀይ ክር አስረው አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት፤ ሣር ውስጥ የወደቀ ብረት ተመልሶ አይገኝም።