«ምርጥ ዘር» ተብሎ ሲናር (ስንዴ የሚመስል የሣር አረም) ገዛሁ፤ ጆንያውን እስከ ግርጌው ሳታዩ አትክፈሉ

እኔ ያለሁት አሰላ አካባቢ ነው። ዘንድሮ ለአንድ ሄክታር ማሳዬ አንድ ኩንታል ተኩል «ኦጎልቾ» የስንዴ ዘር ከነጋዴ ገዛሁ። ጆንያው ላይ የዘሩን ጥራት የሚመሰክር ካርድ አልነበረም። ከላይ ዘገን አድርጌ አየሁት፤ ጥርት ያለ ስንዴ ነው። ከፍዬ ጫንኩ።

ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን ጎረቤቴ አንድ አባት አጎንብሰው አንዱን ነቀሉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ስንዴ አይደለም» አሉኝ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነበር። ቅጠሉ ከግንዱ የሚጋጠምበትን ቦታ በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ፦ ስንዴ እዚያ ጋ ግንዱን ያቀፉ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች አሉት፤ ሲናር ጆሮ የለውም፣ ስስ ነጭ ሽፋን ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ በየትልሙ ስቆጥር ዋልኩ። ባልቆጥር ይሻለኝ ነበር።

ነጋዴው ዘንድ ስመለስ ደግሞ ሁለተኛውን ጉድ ሸጠልኝ፤ ቱ ፎር ዲ የሚባል የአረም መድኃኒት። እሱ የሚያጠፋው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው። ሲናር እንደ ስንዴው ሣር ስለሆነ ንክችም አላደረገው። እንደ ፓላስ ያለው የሣር አረም መድኃኒት ሌላ ነው፤ እሱም አረሙ ገና ጨቅላ ሳለ ካልተረጨ ዋጋ የለውም። ይህን ስሰማ ጊዜው አልፏል። አሁን ሲናሩ ከስንዴው በላይ ብቅ ብሎ ዘለላውን አንጠልጥሏል። ስንዴው ሳይታጨድ የሲናሩ ፍሬ ስለሚረግፍ የከርሞውንም ማሳ ዘርቶልኛል ማለት ነው።

ዘር የምትገዙ፣ ጆንያውን ዘርግፉት ወይም ከግርጌው አስወጡ። የሲናር ፍሬ ከስንዴ ይረዝማል፣ ቀጭን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለና ፀጉራም ነው። እንደ ጉልበት የታጠፈ ጢም አለው፤ ያንን ጢም በምራቅ አርጥባችሁ መዳፋችሁ ላይ ብታስቀምጡት ቀስ እያለ ሲዞር ታያላችሁ። ጢሙ ተሰብሮ ከሆነ የፍሬው ግርጌ ላይ ክብ ጠባሳ ፈልጉ።

ነጋዴው አሁን «ሲናሩ ድሮም ማሳህ ውስጥ የነበረ ነው» ይለኛል። የምመልስለት የለኝም፤ ደረሰኝ አልተቀበልኩም፣ ዘሩንም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዘርቼዋለሁ። እናንተ አንድ ኪሎ ያህል ከጆንያው አስቀሩ።