የልጄን ጫማ ላየችልኝ የኮምቦልቻዋ ፊዚዮቴራፒስት

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ። እዚህ ብዙም አልጽፍም። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግን ውለታ በላ እሆናለሁ።

ልጄ ምልምል ወታደር ነው። ስልጠና በገባ በሁለተኛው ወር በሰው ስልክ ደወለና «እማ፣ ደህና ነኝ» አለኝ። ሳልጠይቀው ደህና ነኝ ሲል ነው ደህና እንዳልሆነ የገባኝ። የሕመም ፈቃድ ተሰጥቶት ሲመጣ ደሴ መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅሁት። ከአውቶቡሱ የወረደው በተረከዙ እየረገጠ ነው፤ ቀኝ እግሩ ከላይ በኩል አብጦ የጫማው ክር አልታሰር ብሎታል።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አላህ ያውቃል። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወረፋ ጠብቀን፣ ራጅ ተነሥቶ «ምንም የለውም» ተባልን። ሁለተኛው ቦታ መርፌ ወግተው ሰደዱን። ሦስተኛው ላይ ያገኘነው ሰውዬ ደግሞ ራጁን ከፖስታው እንኳ ሳያወጣ ልጄን አየት አድርጎ «ውትድርናው ሰለቸህ አይደል?» አለው። ልጄ አንገቱን ደፋ። ወላሂ፣ በገዛ ፈቃዱ የሄደ ልጅ ነው! አትሂድ ብዬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ለሰውዬው መልስ ሳልሰጠው መውጣቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ወጌሻ ጋም ወስጄዋለሁ፣ አልዋሽም፤ ሲታሽ የጮኸው ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣም።

ፈቃዱ ደግሞ እያለቀ ነው። ሳይድን ቢመለስ በዚያ እግር ሊሮጥ ነው፤ ቢቀር ኮበለለ ሊባል ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ።

የጎረቤቴ ልጅ ናት «ኮምቦልቻ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አለች፣ እስኪ እሷ ታየው» ያለችኝ፤ የአካል ጉዳትን በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ማለት ነው። ተስፋ ሳይኖረኝ የሐረጎን መንገድ ቁልቁል ወረድን። ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው ምን መሰላችሁ? ራጁን አይደለም። «ከስክሱን ይዘኸዋል?» አለችው። ከሻንጣው አውጥቶ ሰጣት። እጇን ከታ እስከ ጫፉ ዳበሰችው፣ ገልብጣ ሶሉን አየች። «የእግርህ ቁጥር ስንት ነው?» «41።» ጫማው 43 ነው! ሁለት ካልሲ ደርቦ ሲሮጥበት ኖሯል። ያን ጫማ እኔ በእጄ አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ቁጥሩን ግን አላየሁም።

ከዚያ ቁጢጥ ብላ እግሩን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችና በአንድ ጣት ትነካካው ጀመር። «እዚህ ጋ?» «አይ።» «እዚህስ?» «አይ።» ትንሽ ፈቀቅ ስትል ልጄ ወንበሩን ጨምድዶ ያዘ። «አብሽር፣ አገኘሁት» አለችው። አብሯት የሚሠራው ሐኪም ድጋሚ ራጅ አዘዘ፤ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል አሉኝ። ሌላም ብዙ አስረድተውኛል፣ እኔ ግን አልያዝኩትም።

ልጄ አሁንም ቀና አላለም። ይሄኔ «ስማ፣ ይሄ የታወቀ የወታደር ሕመም ነው» አለችው። «በፈረንጆች በ1855 አንድ የፕሩሺያ ጦር ሐኪም ብዙ መንገድ በእግራቸው የሚጓዙ ወታደሮችን አይቶ ጽፎታል። ሰነፍ ሰው አጥንቱ እስኪሰነጠቅ አይሮጥም።» ልጄ ታሪክ ይወዳል። «አፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት ዓመት ነው» አላት። ከመጣ ጀምሮ ማንም ሳይጠይቀው የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው። ሁለቱ ሳቁ፣ እኔ አለቀስኩ።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሩጫ፣ ዝላይና ሸክም እንዳይነካ የሚል ወረቀት ሐኪሙ ጽፎ ማኅተም አደረገበት፤ ደግሞ የሚነበብ ጽሑፍ! እሷ ራሷ ሄዳ ሁለት ኮፒ አስነሥታ «አንዱ እርስዎ ጋ ይቀመጥ እናቴ፣ ወረቀት ይጠፋል» አለችኝ። የጦር ክፍሉም ተቀብሎ ፈቃዱን አራዘመለት። አሁን ልጄ ሰኞ ገበያ ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመለሳል፤ በልኩ ጫማም ገዝተንለታል።

የኔ እናት፣ አላህ ያክብርሽ፣ እጅሽ ይባረክ! ስሜን አትጻፊ ብላ ስለለመነችኝ ነው የተውኩት፤ ለፈለገ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። ልጅ ስልጠና የላካችሁ እናቶች፣ እግሬን አመመኝ ካላችሁ ሌላ ቦታ አትንከራተቱ፣ እሷ ጋ ውሰዱት። ስትሄዱም ጫማውን እንዳትረሱ።