ዱቄት ማከማቸት ወይስ ሁለተኛ አቅራቢ መያዝ?

ዳቦ ቤት ያለው ሰው ዱቄት ሲጠፋ የሚሆነውን ያውቀዋል። ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ደንበኛው ጎረቤት ይሄዳል፣ አንዳንዱም እዚያው ይቀራል።

ማከማቸት እንቅልፍ ይሰጣል። መንገድ ቢዘጋም አትደነግጥም። ግን ብርህ ጆንያ ውስጥ ታሰረ ማለት ነው። እኔ አንድ ክረምት ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል ሰምቼ ያለ የሌለ ብሬን ዱቄት ላይ አፈሰስኩና፣ ግድግዳ ያስጠጋሁትን ረድፍ በመስከረም ስከፍተው ጓል ሠርቶ ጠበቀኝ። ከታች ርብራብ አድርግ፣ ከግድግዳ አርቅ፣ ቀድሞ የገባውን አስቀድመህ ተጠቀም።

ሁለት አቅራቢ መያዝስ? ግዢህን ስለምትከፋፍል የጅምላው ቅናሽ ይቀንሳል። ጥቅሙ የሚታየው በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ አልበከርኪ ያለው የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ በመብረቅ እሳት ሲነሳበት፣ ከዚያ ቺፕ ይገዙ ከነበሩት ሁለት የሞባይል ስልክ አምራቾች ኖኪያ ወዲያው ሌላ ቦታ ቺፕ አፈላልጎ ሥራውን ቀጠለ፤ ኤሪክሰን ግን ለዋና ዋናዎቹ ቺፖች ሌላ አማራጭ ስላልነበረው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ከሰረ። ብቻ አንድ ነገር አጣራ፦ ሁለቱም ነጋዴዎች ከአንድ ፋብሪካ የሚያመጡ ከሆነ ያለህ አንድ አቅራቢ ነው፣ ስልክ ቁጥሩ ብቻ ሁለት ሆነ።

ለዱቄት እኔ ሁለተኛ አቅራቢን እመርጣለሁ፣ የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ ጨምሬ። መለዋወጫ ግን ሌላ ነው። በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ዕቃ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፣ ደግሞም አይበላሽም፣ ቦታም አይዝ። የማቡኪያው ትርፍ ቺንጋ ሁለት ሆኖ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።